«አንሳ» ሲሉት የሚያነሳው

ትርሲት ዓርብ ጠዋት እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃች። መስተዋቱ ፊት ቆመች፤ መስተዋቱም እንደ ወትሮው እንቅልፍ የጠገበች ሴት አሳያት። እንቅልፍ አልጠገበችም ነበር። ጥርሷን ቦረሸች፣ ፀጉሯን ጠቀለለች፣ ከትናንት የተረፈውን ዳቦ በሻይ በላች። ከሃያ ሦስተኛው ፎቅ የሚያሳየው መስኮት ጭጋጉን ገፎ ጥርት ያለ ሰማይ አቀረበላት፤ ጭጋግ መኖሩን ያወቀችው በሊፍት ወርዳ፣ ከሕንፃው ወጥታ፣ ፊቷ ሲርስ ነው። በሩ ላይ ያለው ሌንስ የጠዋቱን ምስሏን ወሰደ። በምስሉ ላይ ፈገግ ብላለች። በዚያ በር የሚያልፍ ሁሉ ፈገግ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ የተኮሳተረ ሰው በምስል ከታየ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

ዘመኑ 2069 ዓ.ም. ነው። ትርሲት በምስል ምዘና ጽሕፈት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ምስል የሚያነሳ ዕቃ ሁሉ «ሙሉ» መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ሙሉ ማለት በደንቡ ተጽፏል፤ የጨፈነ ዓይን ይገለጣል፣ ያዛጋ አፍ ይገጠማል፣ የቀረ ሰው ይገባል። የአጎት ልጅ ሠርግ ሳይመጣ ቢቀር በምስሉ ላይ አዲስ ሱፍ ለብሶ ከሙሽሮቹ ኋላ ይቆማል። እንዲህ ያለው ሰው ከዓመት በኋላ ስለ ድግሱ ሲያወራ «ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር» ይላል፤ የሚከራከረውም የለም፤ ምስሉ ላይ አለና።

ለሞተ ሰው ሁለት ምርጫ አለ፤ «ይሙላ» እና «ይጠጋ»። ቤተሰቡ «ይሙላ» ካለ ሟቹ በየምስሉ መግባቱን ይቀጥላል፤ ከሌሎቹም ጋር ያረጃል። የትርሲት አለቃ የአቶ ምናሴ አባት ከሞቱ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ባለፈው ፋሲካ መነጽር ጀምረዋል። «ይጠጋ» ካለ ደግሞ የቀሩት ሰዎች በምስሉ ላይ እርስ በርስ ይጠጋጉና ቦታው ይዘጋል። ትርሲት ከሦስት ዓመት በፊት ቅጹ ሲመጣላት «ይጠጋ» በሚለው ላይ ፈረመች፤ እስክሪብቶዋን ከድናም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ የባሏ ስም በፊቷ አልተነሳም። አታንሱብኝ ብላ አታውቅም። ያነሳ ሰው ሲኖር ብድግ ብላ ወደ ማዕድ ቤት ትሄዳለች፤ ሁለት ጊዜ ሄደች፣ ሦስተኛ አላስፈለገም።

ያን ዓርብ አቶ ምናሴ በሁለት እጁ ጥቁር ነገር ታቅፎ መጣና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው። ሥራውን ያስተማረችው እሷ ናት፤ አለቃዋ ከሆነም ወዲህ አንቱታውን አልተወም።

«ወይዘሮ ትርሲት፣ ጉድ ይዤልዎት መጣሁ።»

«ምንድን ነው?»

«ካሜራ።»

«የምን ካሜራ? ምን ላይ የሚገጠም?»

«ምንም ላይ። ካሜራ ብቻ ነው።»

ትርሲት ራሱን የቻለ ካሜራ ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ዩኒቨርሲቲ ሳለች፣ የፊዚክስ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። አነሳችው። ከበዳት። ሌንሱ ዞር ሲል እጅ ላይ የሚሰማ ልስላሴ አለው፤ ከኋላው ዓይን የሚጠጋበት ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው ስታይ ክፍሉ እንዳለ፣ ከነአቧራው፣ ታያት።

«አንድ ትንሽ ወርክሾፕ የላከው ነው» አለ ምናሴ። «ሙሉ ፍሬም ነው ይላሉ። ሴንሰሩ ሠላሳ ስድስት በሃያ አራት ሚሊ ሜትር፣ ልክ እንደ ድሮው ፊልም።»

«ሙሉ ከሆነ ምን ያሳስብሃል?»

«ሙሉው ፍሬሙ ነው እንጂ ምስሉማ አይደለም። ምንም አይሞላም፣ ምንም አያጠጋም። የገባለትን ብርሃን ብቻ ነው የሚይዘው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የሚያሳፍር ነገር እንደሚያወራ ሰው። «እንግዲህ ደንቡን ያውቁታል። ሦስት ቀን ቤትዎ ያድራል፣ ከእጅዎ አይለይም፣ ሰኞ ከስድስት ሰዓት በፊት ቅጹ ይሞላል። ካለፈ አለፈ። ከወደቀ እሱም፣ የያዛቸውም ምስሎች መፍጫ ይገባሉ። ጥያቄ ዐሥራ ሰባት ላይ መውደቁ አይቀርም።»

ጥያቄ ዐሥራ ሰባት እንዲህ ይላል፤ «በምስሉ ላይ ክፍተት ካለ ክፍተቱ ምን እንደሆነ በስም ይገለጽ። በስም ያልተገለጸ ክፍተት እንደ ዕቃው ጉድለት ይቆጠራል።» ትርሲት በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ መስመር ላይ የጻፈችው አንድ ቃል ነው፤ «የለም»።

«ደግሞ በቁልፍም በቃልም ይታዘዛል» ብሎ ምናሴ አንገቱን አስግጎ ወደ ካሜራው ጎንበስ አለ። «ቪዲዮ ሲፈልጉ ‹ቅረጽ› ነው፤ ፎቶ ሲፈልጉ ‹አንሳ›...»

ቀጭ!

ከዚያ ካሜራው ጀርባ ላይ ባለችው ትንሽ ስክሪን ምናሴ ታየ፤ አፉ ተከፍቷል፣ አንድ ዓይኑ ጨፍኗል፣ ሌላው ወደ አፍንጫው ዞሯል። አርባ አምስት ዓመቱ ነው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የተነሳው ምስል አይቶ አያውቅም።

«እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ።»

«እንዲህ ነው የምመስለው?»

«ስታወራ፣ አዎ።»

ምናሴ ሳቁ ከየት እንደመጣበት አላወቀም። ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ፣ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ሳቀ፤ እየሳቀ ወጣ። ከኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ተሰማ።

ከሰዓት በኋላ ትርሲት ደረቁን ፈተና ፈተነችው። በደብዛዛ ብርሃን ፊደል ለየ፤ መስኮትና ጥላ በአንድ ፍሬም ሲገቡለት መስኮቱን ሳያነጣ ጥላውን ሳያጠቁር ያዘ፤ የሚሽከረከር ማራገቢያ በቪዲዮ ሲቀርጽ ክንፎቹን አላጎበጠም። ሃምሳ ደቂቃ ያለ ዕረፍት ሲቀርጽ ሞቀ፣ ግን አላቋረጠም። ፎከሱ አንዳንዴ ያመነታል፤ ካመነታ በኋላ ግን አይስትም። ይህን ሁሉ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ መዘገበች።

ማታ ራት ላይ ችግሩ ተገለጠ። ትርሲት የምትኖረው ከባሏ ታላቅ እህት፣ ከእትዬ ዘርፌ ጋር ነው። እትዬ ዘርፌ ሰባ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ደክሟል፣ ምላሷ አልደከመም። ካሜራው የጨው ዕቃው አጠገብ ተቀምጧል።

«ትርሲትዬ፣ ሳህኑን አንሺልኝ እስቲ» አለች እትዬ ዘርፌ።

ቀጭ!

«ምን ተሰበረ?»

«ምንም አልተሰበረም። ካሜራው ነው።»

«ምን አልኩት?»

«አንሺ አልሽ።»

ቀጭ!

«አሁን ደግሞ አንቺ ነሽ!»

«እትዬ፣ ቃሉን አትጥሪዋ።»

«የትኛውን ቃል? አንሺ የሚለውን?»

ቀጭ!

የወርክሾፑ ሰዎች ትጉሃን ናቸው። ካሜራው ትእዛዙ በማን አፍ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ቃሉን ከነእርባታው አስተምረውታል፤ አንሳ፣ አንሺ፣ አንሱ፣ ላንሳ፣ እንነሳ፣ ተነሱ። ሥሩን ይዞ ነው የሚሰማው። የዘነጉት አንድ ነገር ነው፤ አማርኛ የማያነሳው ነገር እንደሌለ። ማዕድ ይነሳል፣ ጥያቄ ይነሳል፣ ነፋስ ይነሳል፣ የወደቀ ይነሳል፣ ክርስትና ይነሳል፣ የሰው ስም ይነሳል። ቅዳሜ ሲመሽ ካርዱ ላይ አርባ ስድስት ምስሎች ነበሩ፤ ትርሲት አስባ ያነሳቻቸው ዐሥራ አንዱን ነው። አንዱ ላይ ከጎረቤት ሽሮ ልትበደር የመጣች ሴት «እነሱ ቤት እኮ የለም» ስትል ትታያለች። «እነሱ» በማለቷ ነው የተያዘችው።

እትዬ ዘርፌ የዓርቡን ምስሏን እስክታይ ድረስ በካሜራው ስታሾፍ ነበር። ስታየው ግን ማሾፉን ተወች። ስክሪኑን በጣቷ ነካችው፣ አራቀችው፣ አቀረበችው።

«ይቺ እኮ እማማ ናት!»

«አንቺ ነሽ፣ እትዬ።»

«እማማ ናት አልኩሽ! ይኸው የአገጯ መስመር፣ ይኸው እዚህ ጋ ስትስቅ የሚሸበሸበው! ሠላሳ ዓመት መስተዋት ሳይ ኖሬ አንድም ቀን አልመጣችም። የት ደብቀውብኝ ነው?» እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። «አፍንጫዋን ደግሞ የወሰደው ል...»

ቆመች። የቀረውን ዋጠችው። ትርሲት ብርጭቆዎቹን ይዛ ማዕድ ቤት ገብታ ነበር።

እሑድ የናርዶስ ክርስትና ነው። ናርዶስ የሶስና ልጅ ናት፤ ሶስና ደግሞ የእትዬ ዘርፌ ልጅ። ሰማንያኛ ቀኗ ነው፤ የክርስትና እናቷ ትርሲት ናት። ዕቃው ከእጅ አይለይም የሚለው ደንብ ለቤተ ክርስቲያን የተለየ አንቀጽ ስለሌለው ትርሲት ካሜራውን ከነጠላዋ ሥር በደረቷ አንጠልጥላ ሄደች፤ ለጥንቃቄ ነጠላውን አጣፋችበት። ነጠላው ተንሸራተተ።

«ክርስትና የምታነሳት ማን ናት?» አሉ ቄሱ።

ቀጭ!

«እኔ ነኝ፣ አባታችን።»

«ይኼስ?»

«ይቅርታ አባታችን፣ መሥሪያ ቤት ነው።»

ሕፃኗ ውኃው ሲነካት ጮኸች። እናቷ ሶስና «አይዞሽ፣ አሁን ትነሻለሽ፣ አሁን ያነሱሻል» ስትል ካሜራው ሁለት ጊዜ አከታትሎ ታዘዘ። ቅዳሴ ተጀመረና ዲያቆኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተንሥኡ!» ሲል ግን የባሰው መጣ። ቀጭ! የፊተኛው ረድፍ ዞረ። ሁለተኛው «ተንሥኡ!» ሲደርስ ሴቶቹ አስቀድመው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይጠብቁ ነበር። ቀጭ! ትከሻዎች ተንቀጠቀጡ። ዲያቆኑ ራሱ ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተሰበረ።

ሲወጡ ቄሱ ጠሯት። «ልጄ፣ ይህ ዕቃሽ ግዕዝ ይሰማል እንዴ?»

«ሥሩን ነው የሚሰማው፣ አባታችን።»

«እንግዲያስ ከእኔ ዲያቆናት ይሻላል» ብለው ባርከዋቸው ሄዱ፤ እሷንም፣ ካሜራውንም።

ድግሱ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ በሶስና ቤት ነው። የሶስና ባል ኪሩቤል እጁ ሥራ የማይፈታ ሰው ነው፤ ምግቡ ሳይቀርብ ካሜራውን ከግድግዳው ስክሪን ጋር አገናኘው። የመጀመሪያው ምስል ግድግዳውን ሞልቶ ወጣ፤ ናርዶስ፣ እርጥብ፣ አፏ እስከ ጉሮሮዋ ተከፍቶ። የሚያለቅስ ሕፃን በምስል ካየ ሠላሳ ዓመት ያላለፈው ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ከጉንጯ በታች፣ ማርያም የሳመቻት ቦታ ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ምልክት አለች።

«ምልክቷ!» አለች ሶስና። «ምልክቷ ወጣላት! ሰማንያ ቀን ሙሉ ሳነሳት...»

ቀጭ!

«...አንድም ቀን አሳይቶኝ አያውቅም! ልጄ በምስል የሌላ ሰው ልጅ ነበር የምትመስለው።»

ከዚያ በኋላ ያን ቤት የያዘው ነገር ምን እንደሆነ ለመናገር ይቸግራል። ሰዎች ወደ ካሜራው መጋፋት ጀመሩ። አንዱ «እኔንም አስቀያሚ አድርገሽ አንሺኝ!» አለ፤ ሌላው «ጨፍኜ አንሺኝ!» አለ፤ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ዶሮ እየጎረሰች ለመነሳት ተራ ያዘች፤ ስክሪኑ ላይ ስትወጣም «ይኼ ነው እንጂ መብላት!» ብላ አጨበጨበች። ባልና ሚስት አንዳቸው የሌላቸውን ሽበት ቆጠሩ። ኪሩቤል ራሰ በራነቱ ከኋላ የት ድረስ እንደደረሰ በዓይኑ ሲያይ «እንዴ! እኔ እኮ ገና ጫፉ ነው ብዬ ነበር» አለ፤ ሚስቱም «ጫፉማ ቀርቷል» አለችው። ቃሉን የጠራ ሁሉ ይነሳል፤ እንዳይጠራው የሚጠነቀቅም «ያን ነገር... ውሰጂልኝ... ብድግ አድርጊልኝ» እያለ ሲንተባተብ የባሰ ያስቃል። ትርሲትም ሳቀች። እትዬ ዘርፌ ያየቻት አንድ ጊዜ ነው፤ አይታም ወዲያው ሌላ ቦታ ያየች መሰለች።

«በሉ ኑ፣ ሁላችንም እንነሳ!» አለ ኪሩቤል። ቀጭ! «ቆይ አሁን አይደለም! በሥርዓት! መደርደሪያው ላይ ላስቀምጠው።»

ሰው መደርደር ጀመረ። ረጅሙ ኋላ፣ አጭሩ ፊት። እትዬ ዘርፌ በደስታ ሰክራ ነበር፤ ሌላ ነገር አልቀመሰችም። ጉልበቷን ይዛ እየሳቀች መሀል ገባችና እንዲህ አለች፤

«አይ ልሳኑ! ይኼኔ ቢኖር ‹እኔ ከባድ ነኝ፣ አትችሉኝም› ይል ነበር!»

ልሳኑ የትርሲት ባል ነበር። ፎቶ ሊነሳ በተሰለፈ ቁጥር «ላንሳችሁ?» የሚል ሰው ሲመጣ ያን ይላል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያችኑ ቀልድ፣ ሳይለውጥ። ሰውም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይስቅለታል።

አሁን ማንም አልሳቀም።

«እማዬ!» አለች ሶስና በሹክሹክታ። «ስሙን አታንሺ!»

ቀጭ!

ሰው ሁሉ ትርሲትን አየ። ትርሲት ወደ ማዕድ ቤት መሄጃዋ ሰዓት መሆኑን አወቀች። ከሰልፉ አንድ እግሯን አወጣችና «እኔ እስቲ ሳህኖቹን ላንሳ» አለች።

ቀጭ!

ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ሳቁን ሊመልሰው ሲል አመለጠው። ትርሲት ቆመች። ካሜራውን አየችው። ከንፈሯን ነከሰች፤ ከዚያም ያወጣችውን እግር መለሰች።

«ሳህኑ ይቆይ» አለች። «ተነሱ።»

ቀጭ!

በዚያው ሰከንድ፣ በየቤቱ ያለው የግድግዳ ሌንስም እንደ ልማዱ የራሱን ምስል ወሰደ።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ዘርፌ በር ላይ ጠበቀቻት። «አደራሽን፣ እማማን እንዳታስፈጪብኝ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ሶስና ከስምንተኛ ፎቅ ደውላ የናርዶስን ምልክት ለመነች። ትርሲት ለሁለቱም «የሚጻፈው የታየው ነው» ብላ መለሰች።

ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ምስሎች ነበሩ። የመጨረሻውን፣ የሰልፉን ምስል፣ ከግድግዳው ሌንስ ምስል ጎን ለጎን አቀረበች። የአንድ ሰከንድ ሁለት ምስሎች ናቸው። በግድግዳው ምስል ላይ ሁሉም ፈገግ ብለዋል፤ ያልመጡ ሁለት አክስቶች መጥተዋል፤ የኪሩቤል ትከሻ የትርሲትን ቀኝ ትከሻ ነክቷል። በካሜራው ምስል ላይ አክስቶቹ የሉም፤ ግማሹ ሰው ጨፍኗል። በኪሩቤልና በትርሲት መካከል ደግሞ ባዶ ቦታ አለ።

የሌንስ መዛባት ነው ብላ አሰበች። መስመር የተሰመረበትን ሰሌዳ አምጥታ ፈተነችው። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ሌንሱን ፈትታ ገጠመችው፣ ደግማ ፈተነችው። ቀጥ ያሉ ናቸው።

ወደ ሌሎቹ ምስሎች ተመለሰች። እሷ ያለችባቸው ስድሳ አንድ ናቸው። ካሜራውን ሌላ ሰው ተቀብሏት ያነሳቸው፣ ወይም መደርደሪያና ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ራሱ ያነሳቸው ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሴቶቹ በግራዋ ተጨናንቀው ቆመዋል፤ በቀኟ የድንጋዩ ንጣፍ ባዶ ነው። በሶስና ቤት አምስት ሰው በአንድ ሶፋ ታፍጎ ተቀምጧል፤ ከትርሲት ቀኝ ያለው ትራስ ማንም አልነካውም። ያቺ ዶሮ የምትጎርሰው ሴትዮ እንኳ፣ ያን ሁሉ ሰውነት ይዛ፣ ትራሱን ዞራ ሄዳ ወለል ላይ ተቀምጣለች። ራት ጠረጴዛቸው ላይ እትዬ ዘርፌ ጨውና በርበሬውን ሁሉ ወደ ግራ አድርጋለች። ስድሳ አንዱንም በማስመሪያ ለካችው። የትም ቦታ አንድ ነው፤ አንድ ሰው የሚያህል።

ልሳኑ ቀኝ ጆሮው አይሰማም ነበር። ሚስቱን በግራው ለመስማት ሁልጊዜ በቀኟ ይቆማል፣ በቀኟ ይቀመጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰዎቿ ቦታውን ትተውለት ኖረዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌንሶቹ፣ እሷ በፈረመችው መሠረት፣ ቦታውን ሲዘጉት ኖረዋል።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ምናሴ ገባ።

«እንዴት ሆነ?»

«ክፍተት አለው።»

«ብዬዎት ነበር። ‹የሌንስ ጉድለት› ይበሉና እንገላገል።»

«ጉድለቱ የሌንሱ አይደለም» ብላ የዓርቡን ምስል ከፈተችለት፤ አፉን ከፍቶ አንድ ዓይኑን የጨፈነበትን። ምናሴ ገና ሲያየው ሳቁ ተነሳበት።

«ፊትህን ተወውና እግርህን እይ።»

ምናሴ እግሩን አየ። ከትርሲት ወንበር በስተቀኝ፣ አንድ እርምጃ ተኩል ርቆ ቆሟል። አንገቱን ያሰገገው ለዚያ ነው፤ ወንዝ ማዶ ካለ ሰው ጋር እንደሚያወራ።

«ለምን ራቅህ?»

«እኔ?» ምናሴ አሰበ። «ራቅሁ እንዴ?» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ያ... የእሳቸው ቦታ አይደል?»

ይህን ሲል አሁንም እዚያው፣ አንድ እርምጃ ተኩል ርቆ ቆሞ ነበር። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እግሩን አዩት። መጀመሪያ የሳቀችው ትርሲት ናት። ምናሴ ደነገጠ፤ ከዚያ እሱም ተከተላት፤ ጠረጴዛውን ግራና ቀኝ ይዘው ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ምናሴ ዕንባው ለምን እንደመጣ ሲጠየቅ ዛሬም «ከሳቅ ነው» ይላል።

ሲወጣ ትርሲት ቅጹን ሳበች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። ከጥያቄ አንድ እስከ ዐሥራ አምስት ተሞልተዋል። ጥያቄ ዐሥራ ስድስት «ዕቃው ያለ አግባብ ያነሳል ወይ?» ይላል። «ያነሳል» ብላ ጻፈች። «እንዳለ ይተው።»

ዐሥራ ሰባት ባዶ ነበር። እስክሪብቶዋን ያዘች። «የለም» ብሎ መጻፍ ውሸት ነው፤ በሥራዋ ዋሽታ አታውቅም። ባዶውን መተው እትዬ ዘርፌን ከነእናቷ፣ ናርዶስን ከነምልክቷ መፍጫ መክተት ነው። ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ዞሮ ተቀምጧል።

«እሺ» አለችው። «ላንሳው።»

ቀጭ!

ጥያቄ ዐሥራ ሰባት፤ በምስሉ ላይ ክፍተት ካለ ክፍተቱ ምን እንደሆነ በስም ይገለጽ።

«ልሳኑ። ባለቤቴ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ ሦስት። በቀኜ ይቆም ነበር። የለም።»